መስመሩ ከምን የተሠራ ነው? ስለ ሦስቱ የመንግሥት አካላት የተሰጡ 44 መልሶች

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። እንደ ሁልጊዜው ሰሌዳው ላይ ሦስት ሳጥን ሠራሁና ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ ብዬ ጻፍኩባቸው፤ በመሃላቸውም ወፍራም መስመር አሰመርኩ። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። ፕሬዚዳንቱ ሕግ አልፈርምም ማለት የሚችልበት አገር ካለ፣ ፊርማው የሚያርፈው ከመስመሩ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ ብላ ጠየቀችኝ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ማታ ጥያቄዋን ወደዚህ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ይዤ መጣሁ። አካላቱ ተለያይተዋል ካልን አንዱ በሌላው ሥራ ለምን ይገባል? ከገባስ መለያየታቸው የቱ ላይ ነው? እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ነገር ለማሞቅ ብዬ ግን ቬቶ የሚባለው ነገር፣ ማለትም ፕሬዚዳንቱ የጸደቀ ሕግን የሚያግድበት ሥልጣን፣ የሥልጣን ክፍፍልን በቀጥታ የሚጥስ ነው የሚል ዓረፍተ ነገር ጨመርኩበት። መዘዙን ያመጣችው ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት። በሦስት ቀን 44 መልስ መጣ። ብዙዎች እንደገና ንገረን ስላሉኝ የመልሶቹን ክር እንደሚከተለው አስቀምጬዋለሁ። ስለ ሌሎች አገሮች ሲወራ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አወያዩ አንድ የኳስ ክርክር ወደ ሌላ ቦታ ስላዛወረ አሁን መድረኩ ላይ የሚታዩት ቁጥሮች ተዛብተዋል፤ እኔ የምጠቀመው በድሮዎቹ ነው።

ቁጥር 1 በትህትና አመስግኖ ከእኔ ጋር ተስማማ። የፈረንሣዩ ፈላስፋ ሞንቴስኪዩ በ1748 ሕግ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን በአንድ እጅ ከገባ ነፃነት የለም ብሎ እንደጻፈ አስታውሶ፣ ስለዚህ መምህሩ ልክ ናቸው አለ። እኔም ደስ ብሎኝ ላይክ አደረግኩለት። ደስታዬ እስከ ቁጥር 2 ብቻ ነበር የቆየው።

ቁጥር 2 የሕግ ባለሙያ ናት። ከክሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ድምጿን ከፍ ያላደረገች እሷ ብቻ ናት። ሞንቴስኪዩ ራሱ አስፈጻሚው የሕግ አውጪውን ሥራ የሚገታበት ሥልጣን ሊኖረው ይገባል ማለቱን ነገረችን። ሰውየው የለያቸው ሁለት ነገሮች መወሰንንና ማገድን ነው። ቬቶ ያለው ፕሬዚዳንት አንዲት አንቀጽ እንኳ በራሱ መጻፍ አይችልም፤ የተጻፈውን ግን ሊያስቆም ይችላል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በ1788 ለማጽደቅ ሲቀርብ ክፍሎቹ ተደበላልቀዋል የሚል ተቃውሞ ተነስቶ፣ ከአርቃቂዎቹ አንዱ የሆነው ማዲሰን የመለሰው ይህንኑ ይዞ ነው። አደጋው የአንዱ ሥልጣን ሙሉ በሙሉ በሌላው እጅ ሲወድቅ ነው፤ ጥቂት መነካካት ግን ጠባቂ ነው። የእኔ መስመር ሁሉንም ነገር እኩል እንደሚከለክል ግድግዳ ተደርጎ መሰመሩ ነው ስህተቱ አለችኝ፤ በአንቱታና በብዙ ይቅርታ።

ቁጥር 3 ሥራው በተግባር እንዴት እንደሚሄድ ጠየቀ። ቁጥር 4 መለሰ። በአሜሪካ ሕግ አውጪው፣ ኮንግረስ፣ ያጸደቀው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ይላካል፤ እሑድ የማይቆጠርበት 10 ቀን አለው። ካልወደደው ከነምክንያቱ ይመልሰዋል፤ ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካጸኑት ያለ እሱ ፈቃድ ሕግ ይሆናል። ዝም ካለም ሕግ ይሆናል፤ ኮንግረሱ በመሃሉ ስብሰባውን ከዘጋ ግን በዝምታው ይሞታል። እዚያው ላይ የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 57 አነጻጸረ፦ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ካልፈረሙ አዋጁ ያለ ፊርማ ሥራ ላይ ይውላል።

ቁጥር 5 ፊርማው ጌጥ ነው ማለት ነዋ ብሎ ሳቀ። ቁጥር 6 አልሳቀም። በፓርላማ ሥርዓት ፍሬኑ የተገጠመው ሌላ ቦታ መሆኑን፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ከምክር ቤቱ ተመርጦ ለምክር ቤቱ ተጠሪ እንደሚሆን አስረዳ። ቁጥር 7 ደግሞ ይህን ሰምቶ ተቆጣ። መንግሥት የሚመሠርተው ወንበሩን የያዘው ፓርቲ ነው፤ ተጠሪነቱም ለራሱ ጓዶች ነው፤ በገዛ ኪስህ ውስጥ ያለ ሰው እንዴት ይቆጣጠርሃል? ወረቀት ላይ ሦስት ሳጥን አለ፣ በተግባር ግን ሁለቱ አንድ ናቸው አለ። እውነቱን ለመናገር ለዚህ ማንም አጥጋቢ መልስ አልሰጠውም። ቁጥር 8 በፓርቲ ውስጥ የሚደረግ አመጽም ቁጥጥር ነው ለማለት ሞክሮ ነበር፤ ማንም አልተከተለውም።

ቁጥር 9 ወደ ጀርመን ወሰደን። እዚያ ምክር ቤቱ መሪውን ለማውረድ ተተኪውን በዚያው ድምፅ መምረጥ አለበት፤ አንቀጽ 67 ነው። ምክንያቱ ከሂትለር በፊት ከነበረው ከቫይማር ሪፐብሊክ ዘመን የተወረሰ ቁስል ነው፤ ያን ጊዜ መንግሥት ለመጣል የሚተባበሩ ቡድኖች አዲስ ለማቆም መስማማት አቅቷቸው ነበር። በ1972 ተሞክሮ በሁለት ድምፅ ከሸፈ። በ1982 ግን መራሔ መንግሥት ሽሚት ወርደው ኮል በዚያው ድምፅ ገቡ። መቆጣጠሪያው ራሱ ልክ የተበጀለት ነው ማለቱ ይመስለኛል፤ ሐሳቡን ሳይጨርስ ወደ ጀርመን ባቡር መዘግየት ገባ።

ቁጥር 10 የሒሳብ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ሁላችሁም ስለ ፊርማና ስለ ድምፅ ስታወሩ ቦርሳውን ረሳችሁ አለ። ምክር ቤት ዋናው ጉልበቱ ገንዘብ መፍቀዱና መከልከሉ ነው። በአሜሪካ በጀት ላይ ሳይስማሙ ሲቀሩ ማንም ከሥልጣን አይወርድም፤ የመሥሪያ ቤት በር ነው የሚዘጋው፤ ከታኅሣሥ 2018 እስከ ጥር 2019 ድረስ 35 ቀን ተዘግቶ ነበር። በፖርቱጋል ግን በጥቅምት 2021 ምክር ቤቱ በጀቱን ሲጥለው ነገሩ በምክር ቤቱ መበተን አለቀ፤ በጥር 2022 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። አንዱ ቦታ ሁለቱ ተፋጥጠው ይቀመጣሉ፣ ሌላው ቦታ ሁለቱም ወደ ሕዝብ ይሄዳሉ። ይህ መልስ ከሁሉም የበለጠ ላይክ ይገባው ነበር፤ ያገኘው ሦስት ነው፤ አንዱ የእኔ።

ቁጥር 11 አመሰግናለሁ ብሎ ሄደ። ቁጥር 12 ግን እስከ መጨረሻው ሲጠቀስ የኖረውን ነገር አመጣ፦ ይህ ሁሉ ትርፍ ነው፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ፍርድ ቤት ስለሆነ ንጉሡ እሱ ነው።

ለዚህ ቁጥር 13 የሰጠው ምላሽ ክሩን ለማንበብ ብቻውን ይበቃል፤ ሰኞ ክፍል ይዤው የምገባውም እሱን ነው። በ1801 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አዳምስ ሥልጣን ሊለቁ ሰዓታት ሲቀሯቸው ዳኞች ሾሙ። ማርበሪ የሚባል ሰው የሹመት ደብዳቤ ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት፤ ግን ለባለቤቱ ሳይደርስ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ማድረስ የነበረበት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ማርሻል ነው። አዲሱ ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ደብዳቤው አይሰጥም አሉ። ማርበሪ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ክስ አቀረበ። ችሎቱን የሚመሩት ዋና ዳኛ ማን መሰሏችሁ? ያንኑ ደብዳቤ ሳያደርሱ የቀሩት ማርሻል! ዛሬ ቢሆን ከችሎት ይነሱልኝ የሚል አቤቱታ በማግሥቱ ይገባ ነበር።

ማርሻል ተቸግረዋል። ስጡት ብለው ቢያዝዙ ጄፈርሰን እምቢ ይላሉ፤ ፍርድ ቤቱም ይዋረዳል። አይገባውም ቢሉ ፈርተው ነው ይባላሉ። በ1803 የሰጡት ውሳኔ እንዲህ ይላል፦ ማርበሪ ሹመቱ ይገባዋል፤ መንግሥትም በድሎታል፤ ነገር ግን ይህን ክስ በቀጥታ እንድንሰማ ሥልጣን የሰጠን ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ስለሚጋጭ ውድቅ ነው፤ ስለዚህ ማዘዝ አንችልም። ጄፈርሰን የሚጥሱት ትእዛዝ አጡ። ፍርድ ቤቱ ትንሿን ሥልጣን ለቅቆ ትልቋን፣ ሕግ የመሻርን ሥልጣን፣ ይዞ ወጣ። ማርበሪ ሹመቱን በጭራሽ አላገኘም። ቁጥር 13 እንዳለው ንጉሥ ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ ዓይነት ብልሃት ባላስፈለጋቸው ነበር።

ቁጥር 14 ቀጠለ። ያው ፍርድ ቤት የኮንግረስን ሕግ ለሁለተኛ ጊዜ የሻረው ከ54 ዓመት በኋላ፣ በ1857 በድሬድ ስኮት ጉዳይ ነው። ጥቁሮች ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም ያለ ፍርድ ነው። የመጨረሻው ቃል ግን አልሆነም፤ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1865 እና በ1868 የጸደቁት 13ኛውና 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ገለበጡት። ቁጥር 15 ደግሞ ማሻሻያም ወሰን አለው ብሎ የሕንድን ጉዳይ አመጣ፦ በ1973 አሥራ ሦስት ዳኞች ተሰይመው 7 ለ 6 በሆነ ድምፅ ፓርላማው ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ቢችልም መሠረታዊ አወቃቀሩን ማፍረስ አይችልም አሉ። በአንድ ዳኛ ልዩነት! ቁጥር 12 ይኸው የእኔ ንጉሥ ብሎ ተመለሰ።

ከዚያ ቁጥር 16 ዳኝነትን ከኳስ ዳኛና ከቫር ጋር አመሳሰለ። ምሳሌው ክፉ አልነበረም፤ ቫር የሜዳውን ዳኛ ይጠራዋል እንጂ ራሱ ፊሽካ አይነፋም። ዳሩ ግን እስከ ቁጥር 23 ድረስ የተወራው ስለ አንድ በእጅ ተነክቷል ስለተባለ ኳስ ነው። አወያዩ ያነሳው ይህንን ነው። ቁጥር 22 ለምን ተነሳብኝ ብሎ ለአወያዩ ይግባኝ ጠየቀ፤ ይግባኙን የሚያየውም ያው አወያይ ሆነና ትንሽ ተሳሳቅን።

ወደ ጉዳዩ የመለሰን ቁጥር 24 ነው፤ እንደ ቢላ የተሳለ ቃል ይዞ ነው የመጣው። ፍርድ ቤት ወታደር የለውም፣ ገንዘብ የለውም፤ ፕሬዚዳንት ጃክሰን በ1832 ዳኛው የፈረደውን ዳኛው ያስፈጽመው ብለው የለም ወይ ብሎ አፈጠጠብን። ቁጥር 25 አባባሉ በጃክሰን ስም የታተመው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ መሆኑን፣ በዚያ ፍርድ ላይ ፕሬዚዳንቱ እንዲፈጽሙት የታዘዘ ነገርም እንዳልነበረ አረመው። ቁጥር 26 በተቃራኒው 1957ን አነሳ። የአሜሪካዋ የአርካንሳስ ግዛት አገረ ገዥ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ዘብ አቁሞ ሲከለክል፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ለማስከበር አየር ወለድ ጦር ላኩ። ወታደሩ የአስፈጻሚው ነው፤ የተላከው ግን በዳኛ ቃል ነው።

ቁጥር 27፣ ያቺው የሕግ ባለሙያ፣ ፕሬዚዳንት ትሩማንን ጨመረችበት። በ1952 በኮርያ ጦርነት መሃል የሥራ ማቆም አድማ ሊነሳ ሲል ትሩማን የብረት ፋብሪካዎቹን በመንግሥት እጅ እንዲገቡ አዘዙ። ያን ጊዜ ከተሰየሙት ዘጠኝ ዳኞች አንድም ሳይቀር በእሳቸው ወይም በቀዳሚያቸው በሩዝቬልት የተሾመ ነው። 6 ለ 3 ፈረዱባቸው፤ ከስድስቱ ሁለቱ ትሩማን ራሳቸው የሾሟቸው ነበሩ። ፋብሪካዎቹም ተመለሱ። ሿሚው ከሾመ በኋላ ማዘዝ ካልቻለ፣ ዕድሜ ልክ መሾሙ ለምን እንደሚጠቅም ይኸው አለች።

ቁጥር 28 ግን ስለ ትሩማን ምንም አልጻፈም። ከሥራ ያለ አግባብ ተሰናብቶ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሶ፣ ውዝፍ ደመወዙ እንዲከፈለው የተፈረደለት ሰው ነው። ስሙን አልጠቀሰም፤ የመሥሪያ ቤቱንም እንዲሁ። ውሳኔውን በሰማያዊ ፕላስቲክ አቃፊ ይዞ ሄደ። ጸሐፊዋ ገቢ የሚል ማኅተም መትታ ሰኞ ይምጡ አለችው። ሰኞ የሕግ ክፍሉ ፍርዱን እናከብራለን ብሎ ወደ ፋይናንስ መራው። ፋይናንስ ደግሞ እኛም እናከብራለን፣ ግን ለዚህ የበጀት ርዕስ የለንም፣ ከተፈቀደልን በኋላ ነው አለ። የአፈጻጸም መዝገብ ከፈተ፤ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሁለት ዓመት ሞላው። ፍርዱ እጁ ላይ ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ። የእኔ ሦስት ሳጥኖች በአንድ ኮሪደር ላይ ሦስት በር መሆናቸውን፣ እሱም ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሲመላለስ ጫማው ማለቁን ጽፎ ዝም አለ።

ከዚህ በኋላ ለጥቂት ሰዓት የጻፈ የለም። ቁጥር 29 የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የሠሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ጋሼ ብለን ነው የምንጠራቸው። አንድ ትእዛዝ ከችሎት ወጥቶ እውነት እስኪሆን ስንት እጅ እንደሚያልፍ ቆጠሩልን። ዳኛው ይፈርማሉ፤ መዝገብ ቤት ግልባጩን ያዘጋጃል፣ ማኅተም ይመታል፤ ደብዳቤው ለባንክ ወይም ለፖሊስ ይደርሳል፤ ባንኩ ሒሳቡን ያግዳል፤ ፖሊሱ በር ላይ ይቆማል። በየደረጃው ዛሬ አይመቸኝም ማለት የሚችል ሰው አለ። እሳቸው በሥራ ዘመናቸው የታዘቡት፣ ትእዛዝ አልፈጽምም ብሎ በግልጽ የሚናገር እምብዛም አለመኖሩን ነው፤ ሁሉም እሺ ይላል፣ ወረቀቱ ግን አይንቀሳቀስም።

ቁጥር 30 እኔ ነኝ። ቬቶ ይጥሳል ያልኩትን ዓረፍተ ነገር አነሳሁ። ቁጥር 2 እና ቁጥር 29ን ጎን ለጎን ሳነብ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ማንም አካል የጀመረውን ብቻውን መጨረስ እንዳይችል ተደርጎ ነው የተሠራው፤ መስመሩም የሌላው ፊርማ፣ የሌላው ገንዘብ፣ የሌላው እግር ነው። ቁጥር 28ን ያስለቀሰውም፣ ማርሻልን ብልህ ያደረጋቸውም ያው ነገር ነው። ደስ የሚል ግኝት አይደለም፤ ግን ከወፍራሙ መስመር ይሻላል።

ከቁጥር 31 እስከ 35 ያለው ከሁሉም የከረረው ነው። ቁጥር 31 የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት መሆኑን አንስቶ፣ ፖለቲከኛ በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሆነ አለ። ቁጥር 32 የሕገ መንግሥቱ ባለቤቶች ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው ከተባለ ተርጓሚው የእነሱ ተወካይ መሆኑ ምኑ ይገርማል ብሎ መለሰ፤ የሚሾሙ ጥቂት ዳኞች ከተወካይ በምን ይበልጣሉ አለ። ሁለቱ እርስዎ እየተባባሉ ነበር የጀመሩት። ቁጥር 33 ላይ አንተ ገባ። ቁጥር 34 ላይ የትምህርት ደረጃ መጠያየቅ መጣ።

የሕግ ባለሙያዋ በቁጥር 35 ሁለቱንም አስታገሰች። ጉዳዩ መጀመሪያ የሚመረመረው 11 አባላት ባሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው፤ ሰብሳቢና ምክትል ሰብሳቢ የሚሆኑት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትላቸው ናቸው፤ ስለዚህ ዳኞቹ ከበሩ ውጭ አይደሉም፤ የመጨረሻው ድምፅ ግን የእነሱ አይደለም። በሌላ በኩል በ1997 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። እንግሊዝ እንኳ እስከ 2009 ድረስ ከፍተኛዎቹ ዳኞቿ የሚቀመጡት የፓርላማው አንድ ክፍል በሆነው በጌቶች ምክር ቤት ውስጥ ነበር፤ እነሱን የተካው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 ፓርላማው ለአምስት ሳምንት እንዲዘጋ የተደረገውን በ11 ዳኞች ሙሉ ድምፅ ሕገ ወጥ ነው ሲል ፓርላማው በማግሥቱ ተሰበሰበ። ቤቱን ማየት ብቻ አይበቃም ለማለት ነው። ሁለቱ ተከራካሪዎች ይቅርታ አልተባባሉም፤ ግን ዝም አሉ።

ቁጥር 36 የኬንያን አስታወሰ፦ በመስከረም 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 4 ለ 2 በሆነ ድምፅ የፕሬዚዳንት ምርጫውን ሰረዘ። ቁጥር 37 በድጋሚው ምርጫ ተቃዋሚው አልወዳደርም ብሎ ያው ሰው አሸነፈ፣ ምን ተረፈን አለ። ቁጥር 38 ማላዊን አመጣለት፤ በየካቲት 2020 የ2019ኙ ምርጫ ተሰርዞ፣ በሰኔ ሲደገም ተቃዋሚው አሸንፈው ሥልጣን ተረከቡ። ቁጥር 39 ልዩነቱ ከዳኞቹ አይደለም አለ፤ ከምን እንደሆነ ግን አልነገረንም።

ቁጥር 40 ቬቶ በአማርኛ ምን ይባላል ብሎ ጠየቀ። ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ትርጉም ሰጡ፤ አንዱም አልጸደቀም።

ቁጥር 43 ቁጥር 28 የነበረው ሰው ተመልሶ የጻፈው ነው። ውዝፍ ደመወዙ ባለፈው ሳምንት ሒሳቡ ውስጥ ገባ። ወጪና ኪሳራው ግን የለበትም፤ አዲስ መዝገብ ልክፈት ወይ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 44 የሕግ ባለሙያዋ ናት፦ ፍርዱ ላይ ወጪና ኪሳራ ተፈቅዶ ከሆነ በዚያው የአፈጻጸም መዝገብ ይጠየቃል፤ ካልተፈቀደ አፈጻጸም ችሎቱ ፍርዱ ላይ የሌለ ነገር ከራሱ አይጨምርም፤ የመጨረሻውን ገጽ ያንብቡ። ሰውየው ላይክ አድርጎ ግልባጩን ፍለጋ ሄደ።